የአርሴማ ተራ

የካቲት 6 ቀን 2015፣ ቢቸና

ዛሬ አስተባባሪ ሆንኩ። አሥራ አራት ዓመት ስለ ንግድ ሳስተምር አንዲት እንቁላል ሸጬ አላውቅም፤ አሁን ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች «የቢቸና ቡድን አስተባባሪ» የሚል መታወቂያ አንገቴ ላይ አንጠለጠሉልኝ። ርእሰ መምህሩ ሳይቀር «ቲቸር ይርጋነሽ፣ በቴሌቪዥን ስትቀርቢ ትምህርት ቤታችንን አንሺልን» አለኝ። እስከ ዛሬ ስሜን ከሌላ መምህርት ጋር ሲያምታታው የኖረ ሰው ነው።

ውድድሩ «የልብ ገበያ» ይባላል። ሁለት ታዋቂ ሰዎች ሁለት ከተማ ይይዛሉ። ለእኛ የደረሰን የፊልም ተዋናዩ ፍቅረ ሥላሴ ነው፤ ሞጣን የያዘችው ድምፃዊት እፀገነት ናት። እኩል መነሻ ገንዘብ ይሰጣቸውና እስከ ፋሲካ ማግስት ይነግዳሉ። የየቡድኑ ትርፍ በየከተማው ለተመረጠ አንድ የልብ ሕመምተኛ ነው። ያሸነፈው ከተማ ሕመምተኛ ግን ሕንድ ሄዶ ልቡን ይሠራል፤ ወጪውን በሙሉ ስፖንሰሩ ይችላል። የተሸነፈው ያችኑ ትርፍ ይዞ ይቀራል።

የቢቸና ሕመምተኛ አርሴማ ናት፤ የታላቅ እህቴ የጥሩአየሁ ልጅ። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። በልጅነቷ ጉሮሮዋን እያመማት፣ እኛም «ቶንሲል ነው» እያልን ስንተወው ልቧን ያዛት። አዲስ አበባ የሚገኝ አንድ የልብ ሆስፒታል ስሟን ተራ ላይ ከጻፈ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። የሚደወለው በእኔ ስልክ ነው፤ ጥሩአየሁ ስልክ የላትም። ሦስት ዓመት ማንም አልደወለም።

ለውድድሩ ስሟን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ማን ይስጥላት ታዲያ?

የካቲት 9

ጥሩአየሁ ዛሬ ተቆጣችኝ። «ልጄን አደባባይ አውጥተሽ ልታስለምኛት ነው? ነገ ልቧ የታመመ ተብላ ማን ያገባታል?» አለችኝ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ እቴ» አልኳት።

«እሱንማ ለሐኪም አሳየሁ። ለአገሩ ሁሉ ምን አሳየኝ?»

ሕንድን አስረዳኋት። አውሮፕላኑን፣ ሐኪሞቹን፣ ሁሉንም። ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ሰማችኝና «ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆን ብቻ» አለች። አርሴማ ግን ከጥግ ሆና «አውሮፕላን ውስጥ መስኮት አለው?» ብላ ጠየቀችኝ። አለው አልኳት።

በመጨረሻ ጥሩአየሁ «የተማርሽው አንቺ ነሽ። አንቺ ካልሽ ይሁን» አለች። እኔን ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ጠላ እየጠመቀች። ይህን አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም፤ ብታነሣብኝ ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 11

ውል ፈረምን። የዝግጅቱ ኃላፊ አካለ ወልድ ይባላል፤ ሲናገር ዓይኑ ከስልኩ አይነሣም። «ስታንዳርድ ነው፣ ዝም ብለሽ ፈርሚ» አለኝ። እኔ ዝም ብሎ የሚፈርም ሰው አይደለሁም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ተራ ቁጥር 7፦ ታካሚው ሌላ ረዳት የሌለው መሆን አለበት፤ ሌላ ሕክምና ካገኘ ከውድድሩ ይወጣል። ይኸ ትክክል ነው። ሁለት ማንኪያ ይዞ ከአንድ ገበታ መቀመጥ ነውር ነው።

የካቲት 16

ፍቅረ ሥላሴ በርገር ቤት እንክፈት አለ። ጾም ከገባ አራተኛው ቀን ነው! «ወይ ጉድ፣ ለካ ገብቷል» ብሎ ሳቀ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ መልኩ ብዙ ስላገዘው ማሰብ አልለመደም።

ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ቅቤ! በጾም የሚጠይቀው የለም፤ ሴቶቹ ገበያ ይዘውት ውለው ይዘውት ይመለሳሉ። አሁን በርካሽ ሰብስበን፣ አንጥረን ብናስቀምጠው ለፋሲካ ዋዜማ እጥፍ ያወጣል። እናቴ ታደርገው ነበር፤ እዚህ አገር ጓዳ ያለው ሰው ሁሉ ያደርገዋል። በካሜራ ፊት ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስረዳሁ። አካለ ወልድ «ዋው፣ ናቹራል ነሽ» አለኝ። ሌሊቱን ደጋግሜ አስታወስኩት።

ሞጣዎች ሽሮና የተፈጨ ሱፍ እያሸጉ ይሸጣሉ አሉ። የድሃ ንግድ!

የካቲት 22

ቀረጻ። አርሴማ ዳገቱን ወጥታ ገበያ ስትገባ። አራት ጊዜ አስወጧት። «የመጨረሻ፣ ማር፣ የመጨረሻ» ይላታል አካለ ወልድ። በአራተኛው መሐል ላይ ቆማ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «ይኸ ይበልጣል፣ እንዳትነኳት!» አለ።

የጫማዋን ተረከዝ ረግጣ ነበርና «አስተካክለሽ አድርጊ፣ አገር እያየሽ ነው» ብዬ ጮኽኩባት። እግሯ አብጦ አልገባ ብሏት ነው ለካ። ማታ ሳየው ደነገጥኩ። ለምን ጮኽኩባት? ይኸ ነገር ከሆዴ አልወጣም። ነገ ሰፋ ያለ ጫማ እገዛላታለሁ።

መጋቢት 1

ስልክ ተደወለ።

ከልብ ሆስፒታሉ ነው። «የአርሴማ ቤተሰብ ነዎት?» አለች ሴትዮዋ። ከውጭ የሐኪሞች ቡድን መጥቷል። ለመጋቢት 11፣ ሰኞ ጠዋት፣ ገብታ ትተኛ። በነጻ ነው። እስከ ነገ አሳውቁኝ አለች።

ቅቤ እያነጠርን ነበር። ማንኪያውን እንደያዝኩ ጓሮ ወጣሁ።

ከዚያ አካለ ወልድን እንደ ቀልድ ጠየቅኩት። «ለምሳሌ አንድ ታካሚ ሌላ ቦታ ሕክምና ቢያገኝስ?»

«ያኔማ ስቶሪው አለቀ። ውሉ ላይ አለ እኮ፣ አንቺ ነሽ ሦስቴ ያነበብሽው» አለና ሳቀ።

እያሰብኩ ነው። ሕንድ ያለው ትልቅ ሆስፒታል ነው። የመጡት ሐኪሞች ደግሞ አንድ ሳምንት ቀደው ሰፍተው የሚሄዱ ናቸው፤ ከሄዱ በኋላ ቢያማትስ ማን ይጠየቃል? ቅቤያችን ደግሞ ቤት ሞልቷል። አሸንፈናል ማለት ይቻላል። ከተማውም አለ፤ በየመንገዱ «የእኛዋ አርሴማ» እየተባለ ነው። ይህን ሁሉ ሰው ምን ልለው ነው?

ለጥሩአየሁ ብነግራት ያለ ጥያቄ ነገውኑ አሳፍራት ትሄዳለች። እሷ አርቃ አታይም።

መጋቢት 2

ደወልኩ። «ልጅቱ ሌላ ረዳት አግኝታለች፤ ተራዋን ላላገኘ ስጡት» አልኩ።

«እርግጠኛ ነዎት? እንደገና ብትመዘገብ ከሰልፉ መጨረሻ ነው» አለች ሴትዮዋ።

«እርግጠኛ ነኝ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልን። ሌላ ነፍስ አዳኑ» አለችኝ።

ሌላ ነፍስ። በጾም ከዚህ የበለጠ ምን ምጽዋት አለ? ስናሸንፍ ለጥሩአየሁ ሁሉንም እነግራታለሁ፤ አብረን እንስቅበታለን።

መጋቢት 3፣ እሑድ

መፃጉዕ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ወንጌሉን ሲያስተምሩ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ስለ ተኛው ሰው፣ ውኃው ሲናወጥ የሚያወርደው ስለ ማጣቱ፣ እሱ ሲል ሌላው ቀድሞት ስለ መውረዱ… ቅቤ የሚያመጡ ሴቶች ይጠብቁኛል ብዬ መሐል ላይ ተነሥቼ ወጣሁ። እሑድ መሆኑን ያስታወስኩት በሩ ላይ ደርሼ ነው።

መጋቢት 9

ጥሩአየሁ «ተቀምጣ ነው የምታድር። ስትጋደም ውኃ ውስጥ እንደገባች ትላለች» አለችኝ። ሁለት ትራስ ሰጠኋት። ጤና ጣቢያው የሽንት ክኒን ጨመረላት። አዲሱ ጫማ ልክ ሆኗታል፤ ሰማያዊ ነው።

መጋቢት 11

ሰኞ። ቅቤ ገዛን። ብዙ ገዛን።

መጋቢት 18

ትናንት ገብር ኄር ነበር፤ መክሊት ተቀብለው የነገዱት አገልጋዮች የሚነገርበት እሑድ። ፍቅረ ሥላሴ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሞ ስለ ውድድሩ ንግግር አደረገ፤ ሰዉ አጨበጨበለት።

ዛሬ ግን አካለ ወልድ ስብሰባ ጠራና የመጨረሻው ቀን ለመጋቢት 30 መሳቡን ነገረን። ቴሌቪዥን ጣቢያው የማጠቃለያውን ፕሮግራም ለፋሲካ ዕለት ይፈልገዋል፤ ስለዚህ ቀድሞ ይቀረጻል። እስከ መጋቢት 30 የተሸጠ ብቻ ይቆጠራል።

«ፋሲካ ሚያዝያ 8 ነው!» አልኩት። «ቅቤው የሚሸጠው ከዚያ ዋዜማ ነው!»

«ቆይ፣ አንቺ የቢዝነስ መምህርት አይደለሽ? በጾም ቅቤ ለምን ትገዣለሽ?» አለኝ። ሰሌዳው ላይ ስጽፍ ያጨበጨበው ይኸው ሰው ነው።

ቤቱ እስከ ጣሪያ ድረስ ጄሪካን ነው።

መጋቢት 23

ማንም አይገዛም። ሆቴሎቹን ጠየቅኩ፤ «ከበዓሉ ሰሞን ነይ» አሉኝ። ደጀን ወረድኩ፤ ለሹፌሮች የሚያበስሉት ምግብ ቤቶች እንኳ ጾም ይዘዋል። አንዷ ባለቤት አፍንጫዋን ይዛ «በሕማማት ዋዜማ ይህን ሽታ ከቤቴ አውጭልኝ» አለች። ሉማሜም ያው። በየመኪናው ጄሪካን ተሸክሜ ስወጣ ስወርድ ዋልኩ። ቀሚሴ፣ ፀጉሬ፣ ይህ ደብተር ሳይቀር ቅቤ ቅቤ ይላል።

ሆስፒታል ደወልኩ። ሌላ ሰው ነው ያነሣው። ቡድኑ ሄዷል፤ ሌላ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። አርሴማ የምትባለውን ከፈለጉ እንደ አዲስ ያስመዝግቧት አለኝ። አስመዘገብኳት። ቁጥሯን አልጽፈውም።

መጋቢት 30፣ ሞጣ

ማታ ነው የምጽፈው።

ተሸነፍን። በብዙ። ሽሮውና ሱፉ በጾሙ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ አልቋል። የድሃ ንግድ ብዬ ነበር። እፀገነት ስታለቅስ፣ ሰዉ ሲያጨበጭብ፣ አርሴማ በሰማያዊ ጫማዋ ወንበር ላይ ተቀምጣ አብራ አጨበጨበች። ከንፈሯ ጠቁሯል። «አይዞሽ አክስቴ፣ አውሮፕላን እኮ ያስፈራል» አለችኝ።

ከዚያ የሞጣን ሕመምተኛ ሲጠሩ የወጡት አንድ ሽማግሌ ሰውዬ ናቸው። እኔ የማውቃት ግን የትናየት የምትባል የልጅ እናት ነበረች፤ በቴሌቪዥን ስናያት የከረምነው እሷን ነው። የሞጣውን አስተባባሪ ገብረ ሕይወትን ጠየቅኩት።

«እሷማ በመጋቢት ከልብ ሆስፒታሉ ተደወለላትና ላክናት። ተሠርታ ዳነች፣ ተመስገን» አለኝ።

«ውሉስ? ተራ ቁጥር ሰባት?»

«የምን ውል? ሰው ሊድን አይደል እንዴ? ለአካለ ወልድ ስነግረው ተናደደ፣ ተናደደና ‹በሉ ሌላ ፊት አምጡ› አለ። አጎቴ ናቸው፣ እሳቸውን አመጣን።» ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የሚገርምሽ፣ ተራው የእሷ አልነበረም። አንዲት የእናንተ አገር ልጅ ናት የተወችላት አሉ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ። ታውቂያት ይሆን?»

አላውቃትም አልኩት።

አላውቃትም አልኩት።

ሚያዝያ 2

ሕማማት ነው፤ ሰው ሁሉ እየሰገደ ነው። እኔ አልሰገድኩም፤ ጉልበቴን አሞኛል። ጥሩአየሁ መጣችና ያደገደገችውን ነጠላ ሳትፈታ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። «ለልጄ ስትንከራተቺ ከረምሽ። ባይሳካም፣ አንቺ ባትኖሪ ማን ነበራት?» አለችኝ። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። «ሻይ ላፍላልሽ?» አልኳት። ጾም መሆኑንም ረሳሁት።

ሚያዝያ 7፣ የፋሲካ ዋዜማ

ቅቤው ከጠዋት እስከ ቀትር አለቀ። እጥፍ አወጣ። ሂሳቤ ትክክል ነበር፤ በአንድ ሳምንት ብቻ ነው የተሳሳትኩት። ገንዘቡን ለጥሩአየሁ ሰጠኋት፤ አርሴማን ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ለመውሰጃ መኪና ይሆናል።

ሚያዝያ 8

ፕሮግራሙ ተላለፈ። ድንጋይ ላይ የተቀመጠችበትን ሦስት ጊዜ አሳዩት። አርሴማ አላየችውም፤ ተኝታ ነበር። ሥጋ ሸትቷት አስመለሳት።

ሚያዝያ 12

ማርቆስ ሆስፒታል ነን። ከሆዷ ውኃ ቀዱ። ወጣቱ ሐኪም ወረቀቷን አገላብጦ «እስከ ዛሬ ተራ አልደረሳትም?» ብሎ ጠየቀ። ጥሩአየሁ «አልደወሉም፣ ጌታዬ» አለችው። እኔ መስኮቱን ከፈትኩ። ሞቆኝ ነበር።

ሚያዝያ 18

ንጋት ላይ። አርሴማ።

ጫማውን ማን እንደወሰደው አላውቅም።

ግንቦት 4

ጽፌ ልጨርሰው።

ለቅሶ የሚደርስ ሰው ገና አላባራም፤ ከሩቅም ይመጣል፣ በቴሌቪዥን ያዩዋት ናቸው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ሃያ የምንሆን ሰዎች ተቀምጠን ሳለን ገብረ ሕይወት ገባ። ከኋላው አንዲት ቀጭን ሴት፣ ደረቷን በነጠላ ጠበቅ አድርጋ። ወዲያው ነው ያወቅኳት። ከሞጣ እስከዚህ በመኪና፣ ከመኪናው እስከ ድንኳኑ በእግሯ መጥታለች። ስትራመድ አላለከለከችም፤ እሱን ነው ያየሁት።

«እናቷን አሳዩኝ» አለች የትናየት። ጥሩአየሁን አሳዩዋት። እግሯ ሥር ተንበረከከች።

«እናቴ፣ እኔ በልጅዎ ነው የቆምኩ። ‹አንዲት የቢቸና ልጅ፣ አሥራ ሦስት ዓመቷ፣ ተራዋን ተወች› ሲሉኝ ማን እንደሆነች አልነገሩኝም ነበር። መሞቷን ስሰማ ነው የገባኝ። ልጄን እንዳሳድግ ብላ ነው። እኔን ይውሰደኝ ነበር፣ እናቴ፣ እኔን!»

«ተራዋን?» አለች ጥሩአየሁ።

«አዎ። በመጋቢት መጀመሪያ። ስልክ ተደውሎላችሁ…»

«ስልክ» አለች ጥሩአየሁ ቀስ ብላ።

ከዚያ አየችኝ። ሽማግሌዎቹ ከእሷ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሷ አዩ። ወደ መሬት አየሁ። መሬቱ ላይ የተጎዘጎዘው ሣር ደርቆ ነበር፤ ማን መቀየር ነበረበት እያልኩ አሰብኩ። ይኸን ነው ያሰብኩት፣ እግዜር ይየኝ።

ጥሩአየሁ ሴትዮዋን በሁለት እጇ ይዛ አስነሣቻት። ድምፅዋ ሁሉም እንዲሰማ ከፍ ብሎ ነበር።

«አዎ ልጄ። አርሴማ ናት የሰጠችሽ። ‹ልጅ ያላት ትቅደም› አለችን፤ እኛም እሺ አልናት። እንኳን ዳንሽ። ቁጭ በይ፣ እህል ቅመሺ።»

ሰዉ ሁሉ ዳግመኛ ለቅሶ ገባ። መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ራሳቸውን ይዘው «እንዲህ ያለችውን ነው እንዴ የቀበርነው?» አሉ። ጥሩአየሁ አላለቀሰችም። የትናየትን እስክትጠግብ አበላቻት።

ሰዉ ሲወጣ የእድሩን ኩባያ እሰበስብ ጀመር። ጥሩአየሁ ከእጄ ወሰደችው።

«እንዲያ ያልኩት ስሟ በደህና እንዲነሣ ብዬ ነው» አለችኝ። አልጮኸችም። «ላንቺ ብዬ አይደለም።»

«እቴ፣ እኔ የመሰለኝ…»

«የተማርሽው አንቺ ነሽ አልኩ። እኔ ነኝ እንዲያ ያልኩት።» ኩባያዎቹን አንድ ላይ ደረደረች። «ለአርባዋ እንዳትመጭ።»

ግንቦት 27

አርባዋ ዛሬ ነበር። የካህናቱ ድምፅ እስከ እኔ ቤት ይሰማል። አልሄድኩም።

ወደ ማታ ጎረቤቴ ሸዋነሽ ከተዝካሩ ስትመለስ ዳቦ ይዛልኝ መጣች። አሞኛል አልኳት። መሪጌታ በቃለ እግዚአብሔሩ መሐል አርሴማን አንስተው እንዳስተማሩ፣ ካህናቱ ሳይቀሩ እንዳለቀሱ፣ ለልጆች ምሳሌ ትሁን እንደተባለ ነገረችኝ። ዳቦውን እጄ ላይ አስቀምጣ እጄን አልለቅ አለች።

«በዚያ ዕድሜዋ ተራዋን ለሰው! ከማን ተማረችው? ያው ከእናቷና ካንቺ ነው እንጂ። ታድላችሁ። እግዜር ዋጋሽን ይክፈልሽ» አለችኝ።

አሜን አልኳት።